የጋሼ ተፈራ መዋኛ

በሱሉልታ ከተማ፣ በመኖሪያ ግቢው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ላሠራ ብሎ የተነሣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አያውቅም። አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ፤ አሁን ማንም የለም።

ከተማዋን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግራችሁ ወደ ሰሜን ስትወርዱ የምታገኟት ናት። ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ጋቢ ደርበን እንተኛለን፣ ጋቢ ደርበን እንነሣለን፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ጋቢውን እናወልቅና ትንሽ ካሰብንበት በኋላ መልሰን እንለብሰዋለን። እዚህ ገላ መታጠብ ራሱ ቆራጥነት ይጠይቃል። መዋኘት ደግሞ ለጎረቤት ሲነገር «ሰውዬው ደኅና አይደለም» ያሰኛል። አሰኝቷልም።

እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቴ ጋሼ ተፈራ ይባላል።

ጋሼ ተፈራ ታላቅ ወንድሜ ነው። እናትና አባታችን በላይ በላዩ ሲሞቱብን እኔ ገና ንፍጤን በእጅጌዬ የምጠርግ ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። የአምቦና የነቀምት መስመር አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቡራዩ ተከራይቶ ብቻውን ኖረ። ለምን እንደማያገባ ሲጠየቅ «መሪ ጨብጬ ሚስት የምጨብጥበት እጅ ከየት ላምጣ?» ይል ነበር። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ጥሎት ሄደ። እጁ ሄደ፣ እግሩ ሄደ፣ ግማሽ አፉም አብሯቸው ሄደ። ከሆስፒታል ሲወጣ እኛ ቤት አመጣነው። በሽታ ቤት ሲገባ እንግዳ መስሎ ነው የሚገባው፤ ውሎ ሲያድር ግን ባለቤት ይሆናል፤ ማን የት እንደሚተኛና ማን ስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚወስነው እሱ ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ልጅ «ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ቢንቀሳቀስ ይረዳዋል» አለችን። እኔ ደግሞ ሐኪም ከተናገረው ሁሉ አንዷን ቃል አንጠልጥዬ የምሮጥ ሰው ነኝ። አንድ ቅዳሜ በአሮጌ መኪናዬ ጭኜ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ወሰድኩት። ከአስተናጋጆቹ ጋር ደግፈን ቀስ አድርገን ውሃው ውስጥ አስገባነው። ምን ልበላችሁ! ያ እንደ ግንድ የተጋደመ እግር ተንቀሳቀሰ። ተወራጨ! ጋሼ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አፉ ተከፈተ። እኔ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሮማን አለቀሰች። የመዋኛው ጠባቂም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አለቀሰ።

ስንመለስ እንጦጦ ዳገት ላይ መኪና ተዘጋግቶ ቆመ። የእኔ መኪና ማሞቂያ ከሞተ ቆይቷል። ጋሼን በእርጥብ ፀጉሩ ብርዱ መታው፤ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በሳል አልጋ ላይ ዋለ። እኔ ግን የማየው ያንን የተወራጨ እግር ብቻ ነበር። «እሱ ወደ ውሃው መሄድ ካልቻለ ውሃው ወደ እሱ ይምጣ» አልኩ።

«ትልቅ በርሜል ገዝተን ውሃ እያሞቅን ብንጨምርበትስ?» አለች ሮማን።

በርሜል! ያሳደገኝን ሰው እንደ ጠላ በርሜል ውስጥ ልጠነስሰው? አልሰማኋትም። መኪናዬን ሸጥኩና ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

ፈቃድ ክፍል የነበረው ሰውዬ «ሆቴል ነው?» አለኝ።

«አይ፣ መኖሪያ ቤት ነው።»

«ሱሉልታ?» አለኝ፤ እሱ ራሱ ሱሉልታ ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ እንደተቀመጠ። ቢሆንም ፈቃዱን ሰጠኝ። ማስጠንቀቂያው ግልጽ ነበር፦ የግንባታ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያይ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገር የለም። ቁፋሮው ሳይታይ ፌሮ አይታሰርም፣ ፌሮው ሳይታይ አርማታ አይሞላም፣ አርማታው ሳይታይ ውሃ አይገባም።

ሥራውን የያዘልኝ ፎርማን ግርማ ይባላል። ስለ ቁጥጥሩ ስነግረው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ለእኔ ተወው» አለኝ። በዚህች አገር ከጎርፍም ከእሳትም በላይ ብዙ ቤት ያፈረሰ ነገር ቢኖር «ለእኔ ተወው» የምትባል ቃል ናት። እኔም ተውኩለት።

ቁፋሮው ሲጀመር በአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ኦቦ ለሜሳ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። አገሩ የአባቶቻቸው ነው፤ እኛ ቤት የቆመበት መሬት ድሮ የእነሱ የጤፍ ማሳ ነበር።

«ኦቦ ለሜሳ፣ አካም ቡልተኒ?» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ። ምን ልታበጅ ነው?»

«ገንዳ።»

«ጎሽ! ስንት ከብት ልታረባ አስበሃል?»

«የከብት አይደለም። ሰው የሚገባበት ነው።»

«ሰው ገንዳ ገብቶ ምን ይሠራል?»

«ይዋኛል።»

ሰማዩን አዩ። ከሰሜን በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። ከዚያ እኔን አዩ። «ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን ጠርተው አንገታቸውን መለሱ።

ተቆጣጣሪዋ ኢንጂነር ጫልቱ ትባላለች። ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ ሜትሯን ይዛ፣ ሻይ ሲቀርብላት አመስግና የማትጠጣ ልጅ ናት። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም ፊርማዋን ስለምፈራ አንቱ እላታለሁ። «ኧረ አንቺ ይበሉኝ» ትለኛለች፤ እኔ ግን ፊርማ በአንቺ ሲጠየቅ ይቀየማል ብዬ እፈራለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሜትሯን ዘረጋችና «ለኦቦ ለሜሳ አጥር በጣም ቀርቧል። ወደ ቤቱ ሳቡት» አለች። ወደ ቤቱ ሳብነው። ተመልሳ መጥታ «አሁን ደግሞ ለቤቱ መሠረት ቀርቧል። ቤቱን ሊያሰምጠው ይችላል» አለች።

«ኢንጂነር፣ ወደ አጥሩ አትጠጋ አሉኝ፤ ወደ ቤቱም አትጠጋ አሉኝ። ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

«ጠበብ ያድርጉት።»

ጠበብ አደረግነው። በመጣች ቁጥር ይጠባል። መጀመሪያ ሰው እየዋኘ የሚመላለስበት ነበር፤ ቀጥሎ ሰው ገብቶ የሚዞርበት ሆነ፤ መጨረሻ ላይ ሰው ገብቶ የሚቆምበት ሆኖ አረፈ። ግርማ ጉድጓዱን አየት አድርጎ «ምን ችግር አለው? በግማሽ ጎኑ ለሚዋኝ ሰው ይበቃል» አለና ሳቀ። በረንዳው ላይ ጋሼ ተፈራ ብርድ ልብስ ተደርቦለት ተቀምጦ ነበር። ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግርማም ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቀን ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ሠራን።

ከዚያ ውሃ መጣ። ከቧንቧ እንዳይመስላችሁ። ቧንቧችን ከሳምንት ሳምንት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰጠን፤ ስትከፍቱት እንደ ታመመ ሰው ይተነፍስና ዝም ይላል። ውሃው የመጣው ከጉድጓዱ ሥር ነው። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ከላይ ዝናብ፣ ከታች ምንጭ ሆኖ ጉድጓዱ ሞላ። ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ሥራውን ያሳጠረልኝ መስሎኝ። ጫልቱ ስትመጣ ግን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመች።

«ውሃ አለበት።»

«አዎ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ውሃ ያለበትን ጉድጓድ መፈተሽ አልችልም።»

«ኢንጂነር፣ መዋኛ እኮ ነው። መጨረሻው ውሃ አይደለም እንዴ?»

«መጨረሻው ውሃ ይሁን። መጀመሪያው ግን ደረቅ መሆን አለበት።»

ፓምፕ ተከራየን። ውሃውን መንገድ ላይ ስንለቀው መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ባጃጆች ተቀረቀሩ፤ ሾፌሮቹ ስሜን ሳያውቁ ሰደቡኝ። ደግነቱ የሰፈሩ ሴቶች ቧንቧቸው ስለደረቀ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰለፉ። እኔ አፍንጫዬ ድረስ ጭቃ ለብሼ ቱቦ ይዤ ስቀዳላቸው፣ ምርቃቱን ለጋሼ ወንድሜ አድርጉት እል ነበር። እነሱም መረቁ። ጉድጓዱ ግን ሲቀዳ ይውልና መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ይሞላል።

በስንት መከራ አንድ ቀን ደርቆ ሲታይ ጫልቱ ፈረመች። ፌሮ ታሰረ። ፌሮውን ልታይ መጣችና «አራርቃችሁ ነው ያሰራችሁት» አለች። ግርማ እያጉረመረመ ፈታው፤ አቀራርቦ አሰረው። እሱ አስሮ ሲጨርስ እሷ ስልጠና ሄደች። እሷ ከስልጠና ስትመለስ ጉድጓዱ ሞልቷል። ውሃው ተቀድቶ ሲያልቅ ፌሮው ዝጓል። «የዛገ ፌሮ ላይ አርማታ አይሞላም» አለች። ልብ በሉ፣ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። የሚያናድደውም ይኸው ነበር። ክፉ ብትሆን ኖሮ እሷን እየረገምኩ ልቤን አሳርፍ ነበር።

ጋሼ እየከሳ ነበር። ቀኝ እጁ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ፤ ጣቶቹን ስንዘረጋቸው ያመዋል። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ሆኖ ያንን ጉድጓድ ያያል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን፣ ሲያባራ እናወጣዋለን። ከሥራ ስገባ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ «ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረን። ቅርብ ቀን ትዋኛለህ!» እለዋለሁ። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ተስፋ መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ እንደ ሐዘንተኛ ሲያለቅስ ባደረ ማግስት፣ የኦቦ ለሜሳ የብሎኬት አጥር ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ያ መጀመሪያ የቆፈርነውና መልሰን በላላ አፈር የደፈንነው ቦታ ሰምጦ ኖሮ ግንቡን ይዞት ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ግን በፈረሰው በኩል የኦቦ ለሜሳ ጊደር ሣር አየችና ወደ ግቢያችን ገባች። ቀጥሎ የሰማነው ውሃ ውስጥ ከባድ ነገር ሲወድቅ፣ ከዚያም የእሷን ድምፅ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ገመድ ይዞ መጣ። ጎትተን ስናወጣት የኋላ እግሯ ፌሮው መሐል ገብቶ ተሰብሯል። ኦቦ ለሜሳ የፈረሰው ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ራሷን ታቀፉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለታናሽ ልጄ ቤት ሲወጣ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አሁን ደግሞ መከራ ሲመርጥ እንዴት እንደሚመርጥ እዩ። ፍልሰታ ነው። ሕፃን ሽማግሌው ይጾማል። የተሰበረ ከብት ቆሞ አይድንም፣ ታርዶም የሚበላው የለም። ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ሲቆም ኦቦ ለሜሳ ቀና አሉና ከጀርባችን የሚኖሩትን ሐጂ ከማልን ጠሩ። «እኛ ጾም ላይ ነን። ቢላውን እርስዎ ይያዙ፤ ቤተሰብዎ ይብላት። ከንቱ አትቅር» አሏቸው። ሐጂም «አላህ ይተካዎት» ብለው እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ በእኔ የመዋኛ ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ ሰው የሌላውን ኀዘን እንደዚህ በወግ ሲያነሣ ቆሜ አየሁ፤ ገመድ ስጠቀልል ዋልኩ።

ግርማ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ዝግ ነው። ለእሱ የተውኩትን ሁሉ ለእኔ ትቶልኝ ሄዷል።

ጫልቱ ከሰዓት በኋላ መጣች። የፈረሰውን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ የግቢው በር ላይ በቀይ ቀለም «ይቁም» ብላ ጻፈች። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን የደከማት ትመስል ነበር። ወደ በረንዳው ወጥታ ጋሼ ተፈራ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አለችው፤ እንዴት ነዎት ማለቷ ነው።

ጋሼ ተፈራ ዞረ። ስንት ዓመት በአምቦ መንገድ ላይ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ ኦሮምኛ እንደሚችል እናውቃለን። ከታመመ ወዲህ ግን በኦሮምኛ ያናገረው ሰው አልነበረም። አማርኛው እንደ ድንጋይ እየተንከባለለ ነበር የሚወጣለት። «ፈያ»፣ ደኅና ነኝ፣ አለ፤ ጥርት አድርጎ። ሮማን ከኩሽና ብቅ አለች።

ጫልቱ በኦሮምኛ ቀጠለች። እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ፦ ይሄ ሁሉ ሥራ ለእርስዎ ነው ይባላል፤ ለመሆኑ መዋኘት ይወዳሉ? ነው ያለችው።

ጋሼ ጉድጓዱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ «ቢሻን ነን ሶዳዳ» አላት።

ውሃ እፈራለሁ።

ተፈራ የሚባል ሰው ውሃ ይፈራል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? እኔማ አልጠረጠርኩም። ተንበረከክሁ። «ጋሼ! ያኔ ሆቴሉ ጋ እግርህ ተንቀሳቅሶ አልነበር?»

ግማሽ አፉ ተንቀሳቀሰ። «ልወጣ… ነበር» አለኝ በአማርኛ።

እንግዲህ እኛ፣ እኔና ሮማን፣ ከነመዋኛው ጠባቂ፣ በደስታ ያለቀስነው ሰው ነፍሴን አድኑ ብሎ ሲወራጭ እያየን ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ክረምቱን ሙሉ አጠገብህ ስቀመጥ!»

ቃል ሲፈልግ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ይገተራል። «ደስ… ብሎህ… ነበር» አለ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል። ጫልቱ ተነሥታ ሜትሯን ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ፣ ሥራዋ ስለሆነ እንጂ ልቧ ሳይፈልግ፣ «የሚደፈን ከሆነ… ሙሌቱም በየደረጃው ይፈተሻል» አለችኝ። «እሺ ኢንጂነር» አልኩ።

ደፈንኩት። አፈር ገባ፣ ተጠቀጠቀ፣ ታየ፤ ሌላ አፈር ገባ፣ ተጠቀጠቀ፣ ታየ። በዚያ ክረምት አንድም ነገር ሳይጣልብኝ ያለፍኩት ፈተና ይህ ነው፤ ጉድጓድ መዝጋት። የኦቦ ለሜሳ አጥር ተሠራ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጊደር በጊደር ተተካች፤ ኦቦ ለሜሳም ይቅር ብለውኛል። ጠዋት ጠዋት ግን አዲሷን ጊደር ሲጠሯት ቶሎ አትዞርላቸውም፤ ይሄ በአጥሩ ማዶ ይሰማኛል።

መስከረም ጠባ። አንድ እሑድ ጋሼን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «ምን እንዲሆንልህ ትፈልጋለህ?» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል ይመስላል። አፌን እስክከፍት ድረስ ግን ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠራርጌያለሁ።

«ጋቢና» አለ።

«ምን?»

«ጋቢና።» በደህናው እጁ አየር ላይ መሪ ያዘ።

ደግፈን መነኻሪያ ወሰድነው። የጫንጮ ሚኒባስ ሾፌር ወጣት ነው፤ መጀመሪያ «በሽተኛ ጋቢና አልጭንም፣ ትራፊክ ይይዘኛል» አለ። የድሮ ሾፌር መሆኑን ስነግረው አየት አደረገውና ራሱ ወርዶ አቀፈው፤ ቀበቶውን አሰረለት። እኔ በመካከል ተቀመጥኩ።

እግሩን ሳየው ነበር የሄድኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዳገቱም ላይ ቁልቁለቱም ላይ አልተንቀሳቀሰም። እጁም እንደታጠፈ ነው። አፉ ግን አላረፈም። ገና ከከተማዋ ሳንወጣ ማጉረምረም ጀመረ።

«ምን አሉ?» አለ ሾፌሩ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ማርሽ ቀንስ ነው የሚልህ።»

ቀነሰ። ትንሽ ሄደን ጋሼ እንደገና አጉረመረመ።

«አሁንስ?»

«አህያዋን አትመን እያለ ነው።»

ሾፌሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ዳር ላይ የነበረችው አህያ በእርግጥም መሐል መንገድ ገባች። «ኧረ ትክክል ናቸው!» አለ ልጁ። ጋሼ መንገዱን እያየ ነበር። ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ እሱ አበባውን አላየም፤ የሚያየው አስፋልቱን ብቻ ነው።

ሱሉልታ ተመልሰን ሳወርደው ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ነገም ይመጣሉ?»

«አዎ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ዞር አልኩ።

«ጋሼ፣ ነገስ?»

ወደ እንጦጦ በኩል ቀና ብሎ ደመናውን አየ። አልቸኮለም።

«ካልዘነበ» አለኝ።